ቴፓንያኪ ቤት ውስጥ፦ ላሜራ ላስቆርጥ ወይስ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ይበቃኛል?

ማሂ ከአያት

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የልጄ ልደት እየደረሰ ነው። ዕለቱን ቴፓንያኪ የሚባለውን የጃፓን የብረት ላይ ጥብስ ቤት ውስጥ መሥራት ፈልጌያለሁ። ሥጋውም አትክልቱም ሩዙም ሰው እያየ ጠረጴዛ ላይ እንዲጠበስ ነው ሐሳቤ። ስድስት እንሆናለን፣ ሁለቱ ልጆች ናቸው።

ቤት ውስጥ ያለኝ ባለ አራት ምድጃ ጋዝ፣ ትንሽዬ በቆርቆሮ ጋዝ የምትሠራ ተንቀሳቃሽ ምድጃ እና የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ጭሱም ያሳስበኛል።

በምን ላይ ልጥበስ? ሥጋ ቤት የቱን ብልት ልጠይቅ? ሶሱስ እንዴት ነው? ዕለቱ ደግሞ ዓርብ ስለሆነ እናቴ ትጾማለች። ለእሷም ከገበታው የሚደርሳት ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ። የሠራችሁ ካላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

የኮቤ ጎረቤት

ማሂ፣ እንኳን ለልጅሽ ልደት አደረሰሽ። እኔ ጃፓን ሂዮጎ ውስጥ ነው የምኖረው፣ ከኮቤ ብዙም አልርቅም።

ቴፓንያኪ ጥንታዊ ምግብ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ግን ዕድሜው አጭር ነው። መነሻው ተብሎ የሚጠቀሰው ኮቤ ያለው ሚሶኖ የሚባል ምግብ ቤት ነው። ሽገጂ ፉጂዮካ የተባለ ሰው በ1945 እ.ኤ.አ. ከፍቶት፣ ስቴክ ወፍራም ብረት ላይ እንግዳው ፊት ለፊት ይጠብስ ጀመር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። ወደ አሜሪካ ወስዶ ዝነኛ ያደረገው ደግሞ ሮኪ አኦኪ ነው። በ1964 ኒውዮርክ ላይ ቤኒሃና የሚባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። ሽሪምፕ መወርወሩ፣ ቢላ ማሽከርከሩ፣ ከሽንኩርት እሳት ማስነሳቱ በዚያ በኩል የዳበረ ነው። እዚህ አገር ጥሩ ቤት ብትገቢ ሼፉ ረጋ ብሎ ሲሠራ ነው የምታዪው። ዓይኑ ከብረቱ አይነሳም።

ቤት ውስጥ ደግሞ የጃፓን ቤተሰብ ሬስቶራንቱን ለመቅዳት አይደክምም። ሆት ፕሌት የሚባል ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ጠረጴዛ መሃል ይደረጋል። ብዙዎቹ ከ1200 እስከ 1300 ዋት ይወስዳሉ፣ ሙቀታቸው እስከ 250 ዲግሪ ይደርሳል። ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ኦኮኖሚያኪ (ጎመን የገባበት ወፍራም ቂጣ)፣ ያኪሶባ (የተጠበሰ ኑድል)፣ ሥጋ፣ አትክልት ይጠብሳል። እናት ብቻዋን ወጥ ቤት አትቀርም፣ ልጆችም መገልበጫ ይይዛሉ። ለልደት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ከጃፓን ግን በሰው እንዳታስመጪ። እዚህ መብራቱ 100 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካሽው ይቃጠላል። ዱባይ ወይም አውሮፓ የሚሸጠው ይሆንሻል።

ከዕቃው የሚበልጠው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ይጠበስና ይወጣል። ዘይቱ ይቀመጣል፣ በኋላ ለሥጋው ነው። ቀጥሎ አትክልትና ሽሪምፕ፣ ከዚያ ሥጋ፣ መጨረሻ ላይ ሩዝ። ሩዙ ብረቱ ላይ የቀረውን ጣዕም ሁሉ ይዞ ይነሳል። የተጠበሰው ወዲያው ይበላል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሁሉንም ባንድ ላይ ከቆለልሽው ውሃ ያወጣል፣ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ብረታ ብረት

እኔ ብየዳ ቤት አለኝ፣ ሥራዬ ብረት ነው። ለካፌዎችና ለበርገር ቤቶች የመጥበሻ ብረት ሠርቼ አውቃለሁ። ማሂ ላሜራ ማስቆረጥ ከፈለግሽ እነዚህን ልብ በይ።

ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። 3 ሚሊ እሳት ሲነካው ይጣመማል፣ ዘይቱም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ሬስቶራንቶች ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ይጠቀማሉ፣ ግን ያ ለቤት ምድጃ አይሆንም። 50 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ ላሜራ ብቻውን ወደ 7 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ምድጃ ላይ ለማሳረፍ ይበቃል። ምድጃሽ ላዩ መስታወት ከሆነ ግን ይህን ክብደትና ሙቀት አትጫኚበት።

ዚንክ የተለበጠ ብረት በፍጹም አትግዢ። ሲግል የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል። አሮጌ ቀለም ያለበትም ይቅር። ምናለሽ ተራ ስትሄጂ “ጥቁር ላሜራ፣ ያልተለበጠ” ብለሽ ጠይቂ። ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ አስበይጂ፣ አለዚያ ጮማው ምድጃው ላይ ይፈሳል። አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ መውጫ ቢኖረው ደግሞ ዘይቱን መጥረግ ይቀላል።

አዲስ ላሜራ ላዩ ላይ ከፋብሪካ የመጣ ጥቁር ቅርፊት አለው። በግራይንደር አስነሺው፣ ወይም አቼቶ ውስጥ አሳድሪና በብረት ሽቦ ፈትጊው። ከዚያ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፣ ወዲያውም ይሟሻል። እሳት ላይ ጥደሽ ሲግል የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ጭሱ እስኪያቆም ጠብቂና ድገሚው። ሶስት አራት ጊዜ ሲሆን ይጠቁራል፣ ያኔ ምግብ አይዝም። ዘይቱ ከበዛ ግን ሙጫ ይሆናል። የማሟሸቱን ሥራ ከልደቱ ቀደም ብለሽ መስኮት ከፍተሽ ሥሪው፣ ብዙ ያጨሳል።

ማሂ ከአያት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ብረታ ብረት፣ ክብደቱን አስልተህ መንገርህ በጣም ጠቀመኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የእንጀራ ምጣዴ ላይ ብጠብስስ? ሰፊ ነው፣ ሙቀቱም ኃይለኛ ነው።

ቲጂ ሲያትል

ማሂዬ ምጣድሽን አትንኪው! ሸክላ ጮማና ሶያ ሶስ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ እንጀራው ይይዝብሻል፣ ሽታውም አይለቅም። የሥጋ ጮማ የነካው ምጣድ ላይ ደግሞ ለጾም እንጀራ ልትጋግሪ ነው?

እኛ እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን የምንጋግረው ሌፍሴ ለሚባል የኖርዌይ ቂጣ በተሠራ ክብ ምጣድ ነው። 16 ኢንች ስፋት አለው፣ እስከ 500 ፋራናይት ይሄዳል፣ ወደ 260 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ ለቴፓንያኪ የሚመች ይመስላል። ግን ጠርዝ የለውም፣ ጮማው በጎን ይወርዳል። እኔ ቤት የእንጀራ የእንጀራ ነው፣ የሥጋ የሥጋ ነው።

ለቴፓንያኪ ሁለት ምድጃ የሚሸፍን የካስት አይረን ጠፍጣፋ አለኝ። ወፍራም ስለሆነ ሥጋ ሲያርፍበት ሙቀቱ አይወርድም። ሲሞቅ ግን ቀስ ብሎ ነው። መካከለኛ እሳት ላይ 10 ወይም 15 ደቂቃ ስጪው። ባንድ ጊዜ ከፍተሽ ከለቀቅሽው መሃሉ ይግልና ዳሩ ቀዝቃዛ ይሆናል። ውሃ ጠብ አድርጊበት። ጠብታው ዶቃ ሆኖ ከተንከባለለ ደርሷል።

የኤሌክትሪኩን ከገዛሽ ደግሞ ብዙዎቹ ላያቸው ቴፍሎን ነው። የብረት መገልበጫ ይፍቀዋል፣ እንጨት ወይም ሲሊኮን ያዢ። ባዶውን ለረጅም ጊዜ አታግይው። ቴፍሎን ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ መበላሸት ይጀምራል። ወፍ የምታሳድጉ ሰዎች ደግሞ ጭሱ ወፍ ስለሚገድል ተጠንቀቁ።

የሽንኩርቱን እሳተ ገሞራ ግን እንዳትተዪው፣ ልጆች በጣም ነው የሚወዱት።

አብዱ ሻርጃ

ሰላም ለሁላችሁ። ቴፓን ብረት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፣ እዚሁ ገልፍ። እህቴ ማሂ፣ ስለ ሥጋው ልንገርሽ።

ዋግዩ የሚባለው የጃፓን የከብት ሥጋ መሃል ለመሃል ጮማ ስላለው ብረቱ ላይ ጥቂት ቆይቶ ይለሰልሳል። የአገራችን ሥጋ ቀይ ነው፣ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። ስለዚህ ጭቅና ወይም ሽንጥ ጠይቂ። ዛሬ የታረደውን ዛሬ አትጥበሺው። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን ሲቀመጥ ይላላል። ሞራም አብሮ ይሰጥሽ። ጃፓኖች ብረቱን በበሬ ጮማ ነው የሚቀቡት፣ ዘይት ብቻውን ያንን መዓዛ አይሰጥም።

ቁራጩ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ጥሬውን እንደ ጥብስ አትክተፊው። ከመጠበሱ ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጪና በወጥ ቤት ሶፍት ውሃውን አድርቂለት። ርጥብ ሥጋ ቀለም አይዝም፣ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ልክ ስታሳርፊው።

ብረቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አሳርፊው፣ ከዚያ አትነካኪው። አንድ ደቂቃ ተኩል ወይም ሁለት ደቂቃ፣ ግልብጥ፣ ሌላ ያን ያህል። አውጥተሽ ትንሽ አሳርፊው። ከዚያ ከጅማቱ አቅጣጫ በተቃራኒ ቆርጠሽ የተቆረጠውን ጎን ብረቱ ላይ አንዴ ነካ አድርጊው። የዚህ ምግብ ትልቁ ምስጢር እዚህ ጋ ነው፦ መጀመሪያ ሙሉውን ጠብሶ በኋላ መቁረጥ። ቀድሞ የተከተፈ ሥጋ ውሃው ሁሉ ብረቱ ላይ ይወጣል።

ጃፓን ለስለስ ያለ ሮዝ ያደርጉታል። አገር ቤት ግን የኮሶ ነገር አለ፣ ልጆችም አሉ። ቴርሞሜትር ካለሽ መሃሉ 63 ዲግሪ ይድረስና ሶስት ደቂቃ ይረፍ።

የነጭ ሽንኩርቱን ቺፕስ በቀዝቃዛ ዘይት ጀምሪ። በስሱ ቆርጠሽ መሃሉ ያለውን አረንጓዴ ቡቃያ አውጪ፣ እሱ ነው የሚመርረው። በቀስታ እሳት ወርቅማ ሲጀምር አውጪው፣ ከወጣ በኋላም ይጠቁራል። ቡናማ እስኪሆን ከጠበቅሽ ይመራል።

ሶያ ሶስ ሥጋው ላይ አታፍሺ። ለሩዙ ጊዜ ዳሩ ላይ ባዶ ብረት ላይ ጠብ ሲደረግ ቸስ ብሎ ይሸታል፣ ወዲያው ከሩዙ ጋር ትቀላቅይዋለሽ። የገበታ ቅቤም መጨረሻ ላይ ነው፣ ቶሎ ያራል።

ሩዙ ትናንት ተቀቅሎ ፍሪጅ ያደረ ይሁን። ትኩሱ ይጣበቃል። ከባስማቲ ይልቅ አጠር ያለው የፎገራ ሩዝ ይስማማዋል።

ሶስ፦ አራት እጅ ሶያ ሶስ፣ ሶስት እጅ የሎሚ ጭማቂ፣ ትንሽ ስኳር። ከተገኘ አንዲት ቁራጭ ኮምቡ የሚባለው የባሕር ቅጠል ጨምረሽ ፍሪጅ ታሳድሪዋለሽ። ይህ ፖንዙ የሚባለው የጃፓን ኮምጣጣ ሶስ ቀላሉ ነው። ሁለተኛው የሰሊጥ ነው። ነጭ ሰሊጥ ቆልተሽ ትወቅጪና በሶያ ሶስ፣ በስኳርና በትንሽ አቼቶ ታቀጥኚዋለሽ። ለሙስሊም እንግዳ የምትሠሩ ደግሞ ልብ በሉ፦ እውነተኛ ሚሪን (ጣፋጭ የሩዝ ወይን) 14 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፣ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥም እንደዚያው። እኔ ቤቴ በምትኩ የፖም ጭማቂ በትንሽ አቼቶ ነው የምጠቀመው።

ቲጂ እህቴ፣ በእሳተ ገሞራው አልስማማም። ሬስቶራንት ላዩ ላይ ትልቅ ጭስ መሳቢያ አለ፣ ሠራተኛውም የሠለጠነ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መጋረጃና ልጅ ባለበት ዘይትና አልኮል አይቀጣጠልም።

ቲጂ ሲያትል

አብዱ ወንድሜ፣ እኔ ያልኩት ያለ እሳት ነው። የሽንኩርቱን ቀለበቶች ትደራርቢና መሃሉ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ታደርጊበታለሽ። እንፋሎቱ ብቻ ይወጣል።

አብዱ ሻርጃ

እንደሱ ከሆነ ይሁን። ውሃው ግን አንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፣ አጠገቡም ዘይት አይኑር። ልጆቹም ክንድ ያህል ይራቁ።

እመ ናርዶስ

ማሂ ልጄ፣ እናትሽን ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። የጾሙን ነገር ለእኔ ተዪው።

ዋናው ነገር የእሷ ቀድሞ ይጠበስ። ብረቱ ንጹሕ ሳለ፣ ሞራም ሥጋም ሳይነካው። መገልበጫውም ለብቻ ይሁን። ሥጋው ካለፈ በኋላ አጥበሽ እንኳ ብታቀርቢላት ልቧ አይቀበለውም። እሷ ቀድማ ትብላ፣ እናንተ ቀጥሉ። ከላይ የተባለው ቅደም ተከተልም አይፈርስም፣ አትክልቱ መቼም ከሥጋ በፊት ነው።

ደበርጃን በወፍራሙ፣ ዱባና ስኳር ድንች በስሱ፣ ምክንያቱም ቶሎ አይበስሉም። ጥቅል ጎመን በትልልቁ ይቆረጥ። እንጉዳይ አይታጠብ፣ በጨርቅ ይጠረግ። ውሃ ከጠጣ ብረቱ ላይ ይለቅቀዋል። አዲስ አበባ የሚሸጠው ሰፋፊው እንጉዳይ እንደ ሥጋ በእጅ ተሰንጥቆ ከባድ ነገር ተጭኖበት ሲጠበስ ዳሩ ይንኮሻኮሻል። በላዩ ሎሚና ሶያ ሶስ። በቆልት ካለሽ መጨረሻ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ።

ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ) ካገኘሽ ጠንካራውን ግዢ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከባድ ሰሃን ጫኚበትና ውሃው ይውጣ። ከዚያ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንሰሽ ጥበሺው።

ያኪሶባ ካማረሽ ፓስታ ስትቀቅዪ በሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪ። ፓስታው ቢጫ ይሆንና እንደ እስያ ኑድል ይለጠጣል። ውሃው ገንፍሎ እንዳይፈስ ሰፊ ድስት ያዢ።

ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ፖንዙና የያኪሶባ ሶስ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለባቸው። ኦይስተር ሶስም ከባሕር እንስሳ ነው። የቤቱ ይሻላል።

የኮቤ ጎረቤት

እመ ናርዶስ ያሉት ትክክል ነው፣ የሚሸጠው ፖንዙ በብዛት ካትሱኦቡሺ የሚባል የደረቀ ዓሣ ይገባበታል። እዚህ የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን ርዮሪ የሚሉት ከሥጋም ከዓሣም የራቀ ምግብ አላቸው። የመረቁን ጣዕም የሚያወጡት ከኮምቡና ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ነው። አብዱ የጻፈው ሶስ በኮምቡ ብቻ ስለሆነ ለጾም ይሆናል። የደረቀ እንጉዳይ ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።

አሁን በጣም አስፈላጊው ነገር። ማሂ ያቺን ትንሿን የቆርቆሮ ጋዝ ምድጃ ጠቅሳለች። ላሜራውን እሷ ላይ እንዳታደርጊ፣ እባክሽ! ሰፊ ብረት የጋዙን ቆርቆሮ ሲሸፍነው ሙቀቱን ወደ እሱ ይመልሳል። ቆርቆሮው ይግላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ይፈነዳል። ሁለት ምድጃ ጎን ለጎን አድርጎ አንድ ትልቅ ብረት መጫንም ጃፓን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቁበት ነገር ነው። በእሷ ላይ የሚጣደው የቆርቆሮውን ቤት የማይሸፍን ትንሽ መጥበሻ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን ከፈለግሽ የኤሌክትሪኩ፣ ላሜራ ከሆነ ግን ወጥ ቤት ጋዙ ላይ ሠርተሽ እየቆረጥሽ ማቅረብ።

ማሂ ከአያት

ስለ ትንሿ ጋዝ የነገርከኝን አላውቅም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እመ ናርዶስ፣ እማዬ ይህንን ስነግራት ደስ ይላታል።

ወስኛለሁ። ለልደቱ የኤሌክትሪኩን እገዛለሁ፣ ጠርዝ ያለውን። ላሜራውን ደግሞ ለኋላ አስቆርጣለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ መብራቱ ይችላል ወይ? ላሜራው ከጥብስ በኋላስ እንዴት ይጸዳል?

ብረታ ብረት

መብራቱ ይችላል። የእንጀራ ምጣድሽ ከሆት ፕሌት ሁለት ሶስት እጥፍ ይስባል። ብቻ ሁለቱን ባንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ አትሰኪ። ሆት ፕሌቱን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ አድርጊው፣ ገመዱም ልጆች በሚያልፉበት አይሁን። መብራት ቢሄድ ወጥ ቤት ያለው ጋዝ ላይ መጥበሻ ጥደሽ ትቀጥያለሽ።

ላሜራው ትኩስ ሳለ በብረት መፋቂያ ይፋቃል። ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ ሲደረግበት የያዘው ይለቃል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ቀዝቃዛ ውሃ አትድፊበት፣ ይጣመማል። ሳሙና ውስጥ አይዘፈዘፍ። እሳት ላይ አድርቀሽ ስስ ዘይት ቀቢና ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።

ማሂ ከአያት

ሥጋውስ ስንት ኪሎ ልግዛ? አብዱ፣ አንተ ታውቃለህ።

አብዱ ሻርጃ

እናትሽ ሲወጡ ሶስት አዋቂና ሁለት ልጅ ትቀራላችሁ። ለአዋቂ 150 ግራም፣ ለልጅ 80 ያህል ቁጠሪ። ከ600 እስከ 700 ግራም በቂ ነው። አትክልትና ሩዝ ስላለ ኪሎ አያስፈልግም። ሥጋውን ባንድ ጊዜ አትጨርሺው፣ ሁለት ሁለት ቁራጭ እያረፈ ይጠበስ። መስኮቱንም ከመጀመርሽ በፊት ክፈቺው፣ ጭሱ ከሞላ በኋላ ቶሎ አይወጣም።